ቴሌቪዥን ሲገዛ የሚቆየውንና የሚለወጠውን መለየት

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ከተሞች በየጣሪያው የተተከሉ የሳተላይት ዲሾች ከጥቂት ዓመታት በፊት በአመዛኙ ወደ ምዕራብ ያዘነበሉ ነበሩ። ምክንያቱም የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በ7 ዲግሪ ምዕራብ በሚገኘው ናይልሳት ይሠራጩ ስለነበር ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር በመተባበር ኢትዮሳት የተሰኘውን የሥርጭት መድረክ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ላይ አቋቋመ። ጣቢያዎቹ ወደዚያ ሲዛወሩ የየቤቱ ዲሽም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር ግድ ሆነበት።

ያ ለውጥ ለብዙ ቤተሰብ ወጪ አስከትሏል። ዲሹን ለሚያስተካክለው ባለሙያ መክፈል፣ ኤችዲ ሥርጭት የማይቀበል አሮጌ ሪሲቨር ያለውም ሪሲቨሩን መለወጥ ነበረበት። ይሁን እንጂ ለውጡ ቴሌቪዥኑን ራሱን መጣል አላስፈለገውም። የተለወጠው ምልክቱን የሚቀበለው ክፍል ነው፤ ስክሪኑ በነበረበት ቆይቷል። ቴክኖሎጂው በፍጥነት በሚለዋወጥበት በዚህ ወቅት አዲስ ቴሌቪዥን ለመግዛት ለሚያስብ ሸማች ከዚህ ተሞክሮ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ገንዘቡን ለዓመታት በሚያገለግለው ክፍል ላይ ማዋል፣ ቶሎ የሚለወጠውን ክፍል ደግሞ ለብቻው በአነስተኛ ወጪ መተካት የሚቻልበትን መንገድ ማስቀደም ይጠቅመዋል።

የዋጋው ጉዳይ

ምርጫው ከቀድሞው ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅበት አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። በአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርቡ ቴሌቪዥኖች በሙሉ አካላቸው ወይም በዋና ዋና ክፍሎቻቸው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአንድ ቴሌቪዥን ዋጋ ከአንድ ቤተሰብ ገቢ ላይ የሚወስደው ድርሻ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በተሳሳተ ምርጫ የሚባክነው ገንዘብም የዚያኑ ያህል ጨምሯል።

የሥርጭቱ ለውጥ

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር በአናሎግ ቴክኖሎጂ ነበር። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሥር በጄኔቫ የተደረሰው ስምምነት ብዙ አገሮች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ምድራዊ ሥርጭት እንዲሸጋገሩ የመጀመሪያውን የጊዜ ገደብ እስከ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. አድርጎት ነበር። ኢትዮጵያ ለዚህ ሽግግር የመረጠችው የቴክኒክ ደረጃ ዲቪቢ-ቲ2 ይባላል።

ይህ ለገዢው የሚኖረው ትርጉም ቀላል ነው። በመደብር ከሚገኙት መካከል፣ በተለይም ዋጋቸው ዝቅ ካሉትና አገልግለው ከሚሸጡት ውስጥ፣ የአናሎግ ምልክት ብቻ የሚቀበሉ ይኖራሉ። በአንቴና ለመጠቀም የሚያስብ ሸማች በካርቶኑ ወይም በመመሪያው ላይ ዲቪቢ-ቲ2 የሚለውን መፈለግ ይኖርበታል። በዲሽ የሚጠቀም ደግሞ ዲቪቢ-ኤስ2 የሚል ቴሌቪዥን ያለ ተጨማሪ ሪሲቨር የሳተላይት ሥርጭት ሊቀበልለት ይችላል። ይህ ባይኖርም ግን ቴሌቪዥኑ በቂ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ እስካለው ድረስ ሪሲቨሩን ለብቻው ማገናኘት ስለሚቻል ስክሪኑ ከአገልግሎት ውጭ አይሆንም። ሁለትና ከዚያ በላይ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥን ነገ የሚመጣውን መሣሪያ ለመቀበል ዝግጁ ነው ማለት ይቻላል።

የምስል ጥራት፦ ቁጥሩና የሚታየው

ኤችዲ፣ ፉል ኤችዲ፣ 4ኬ የሚሉት ስያሜዎች በስክሪኑ ላይ ያሉትን የምስል ነጥቦች ብዛት የሚያመለክቱ ናቸው። ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች 1366 በ768፣ ፉል ኤችዲ የሚባሉት 1920 በ1080፣ 4ኬ የሚባሉት ደግሞ 3840 በ2160 ነጥቦች አሏቸው። ሸማቹ ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ልዩነት አለ። አንዳንድ ካርቶን ላይ የሚጻፈው «4ኬ ይቀበላል» የሚለው አገላለጽ ስክሪኑ ራሱ 4ኬ ነው ማለት አይደለም፤ መሣሪያው የ4ኬ ምልክት ተቀብሎ ወደ ራሱ ዝቅተኛ ጥራት ይለውጣል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የስክሪኑ የራሱ የነጥብ ብዛት ነው።

ከዚህ ባሻገር የነጥቡ ብዛት ጥቅም የሚሰጠው ዓይን ሊለየው ሲችልና የሚታየውም ሥርጭት ያንን ጥራት ሲይዝ ነው። በ43 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ያሉትን ነጥቦች ከ1.7 ሜትር ያህል በላይ ርቆ የሚቀመጥ ሰው አንዱን ከአንዱ መለየት ያዳግተዋል። በሦስት ሜትር ርቀት የሚቀመጥ ቤተሰብ በዚሁ መጠን ለ4ኬ ተጨማሪ ቢከፍል ልዩነቱን እምብዛም አያየውም። በዲሽ የሚገቡት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ሥርጭትም በአብዛኛው ከኤችዲ የማይበልጥ ነው። ለትልቅ ስክሪን፣ ለቅርብ መቀመጫና በኢንተርኔት ለሚታይ የ4ኬ ምስል ግን ተጨማሪው ወጪ ትርጉም ይኖረዋል።

ኪውኤልኢዲ እና ኦኤልኢዲ የሚሉት ስያሜዎችም ተመሳሳይ ቢመስሉም ይለያያሉ። ኪውኤልኢዲ ከኋላው መብራት ያለው ስክሪን ሆኖ ቀለሙ የተሻሻለ ነው። ኦኤልኢዲ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራበትና ዋጋው ከፍ ያለ ቴክኖሎጂ ነው።

ስማርት ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት

ከቴሌቪዥን ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ሶፍትዌሩ ነው። ስክሪኑ ደህና እያለ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ሲያቆም በውስጡ ያሉት መተግበሪያዎች አንድ በአንድ መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ። የኢንተርኔት ቪዲዮ በፉል ኤችዲ ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ገደማ፣ በ4ኬ ለማየት ደግሞ 15 ሜጋ ቢትና ከዚያ በላይ የማይዋዥቅ ፍጥነት ያስፈልጋል። በቤቱ ይህ ፍጥነት የሌለው ሸማች ለስማርት አገልግሎት ብሎ ብዙ መጨመር አይኖርበትም። አገልግሎቱ በኋላ ሲያስፈልገው በኤችዲኤምአይ የሚሰካ አነስተኛ መሣሪያ ገዝቶ ማግኘት ይችላል።

ኤሌክትሪክ

የኤሌክትሪክ የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ የሚል ሲሆን፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚተገበር የታሪፍ ማስተካከያ ተጀምሯል። 80 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በቀን ለ5 ሰዓት ቢከፈት በወር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 160 ዋት የሚወስድ ትልቅ ስክሪን በዚያው ሰዓት 24 ይፈጃል። የዋት መጠኑ በመሣሪያው ጀርባ ባለው መለያ ላይ ስለሚገኝ ከዋጋው ጋር አብሮ መታየት ይገባዋል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚከሰተው መዋዠቅም መሣሪያውን ሊያቃጥለው ስለሚችል የስታቢላይዘር ወጪ ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር ተደምሮ ቢታሰብ ይመረጣል።

የሸማቹ መብት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተሻለ ዋስትና የሚሰጥ ውል እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ይህን መብት ለማስከበር ደረሰኝ ቁልፍ ማስረጃ ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ነዋሪ የመግዣ ቦታም ራሱን የቻለ ግምት የሚሰጠው ጉዳይ ነው። ከመርካቶ በጥቂት ብር ቅናሽ የተገዛ ቴሌቪዥን ጉድለት ቢገኝበት ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ባኮ መልሶ ማጓጓዝ የተገኘውን ቅናሽ ሊበላው ይችላል፤ ስስ የሆነው ስክሪንም በመንገድ ላይ ለስብራት ይጋለጣል። በሚኖርበት ከተማ ካለ ፈቃድ ካለው መደብር የሚገዛ ሸማች መሣሪያውን እዚያው አስከፍቶ፣ ምስሉን፣ ድምፁንና መሰኪያዎቹን ፈትሾ፣ የሞዴል ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ይዞ መውጣት ይችላል። ሻጩ በሕግ የተሰጠውን መብት ካልጠበቀለት ደረሰኙን ይዞ ለከተማው ወይም ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይገባዋል።

በጥቅሉ ገዢው ወደ መደብር ከመሄዱ በፊት በቤቱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሥርጭቱ የሚገባው በዲሽ ነው ወይስ በአንቴና? መቀመጫው ከስክሪኑ ምን ያህል ይርቃል? ኢንተርኔቱ ምን ያህል ፈጣን ነው? የኤሌክትሪኩስ ሁኔታ እንዴት ነው? እነዚህን የመለሰ ሸማች በካርቶኑ ላይ ከተደረደሩት ስያሜዎች የትኛው ለእርሱ እንደሚጠቅም፣ የትኛው ደግሞ ያለ ጥቅም እንደሚያስከፍለው መለየት ይችላል።