ሦስት ቆብ፣ አንድ ራስ

እስኪ አንድ ሰው አስቡ። ጠዋት ባንክ ገብቶ ብድር ይፈቅዳል። ከሰዓት እርሻውን ይጎበኛል። ማታ የከንቲባ ማኅተሙን ያወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እንዲህ ያሉ ጌቶች ነበሩ፤ የእርሻቸው ጉልበት ባሪያ፣ የብድራቸው መያዣም ባሪያ።

«የእኛ አገር ሌላ ነው» የምትሉ ቀስ በሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስትር የሆኑት ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ከንቲባዎች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የምናገኘውም እሳቸውን ነው። ሹም የሚኖረው በደመወዝ ሳይሆን በማደሪያ መሬት በነበረበት ዘመን! የጎደለው ባንኩ ብቻ ነበር፤ በ1898 የተከፈተው የሐበሻ ባንክ የሚዘወረው ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ነበርና። ሰውየውን አንከስም፤ የምንከሰው አሠራሩን ነው።

በ1967 ደርግ ባንኩንም፣ የገጠሩን መሬትም፣ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤትም ወረሰ። ባለርስቱ ወደቀ ተብሎ ተጨፈረ። ባለርስቱ ግን አልሞተም፤ መንግሥት ሆኖ ተነሣ። ሦስቱም ቆብ አንድ ራስ ላይ ገጠመ።

ማስረጃ? ኮዬ ፈጬ። መሬቱን ከገበሬው የወሰደው አስተዳደር፣ ቤቱን ያስገነባው አስተዳደር፣ ያበደረው የመንግሥት ባንክ፣ ዕጣውን ያወጣውም አስተዳደር። ካሳው በ1997ቱ አዋጅ የ10 ዓመት ምርት ነበር፤ በ2011 ወደ 15 ከፍ አለ። ሁለቱም የሚቆጥሩት እህሉን እንጂ የቦታውን ዋጋ አይደለም።

የካቲት 27 ቀን 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ሁለት ተበዳዮች ተፋጠጡ፤ ከማሳው የተነሣው ገበሬና ከጉርሱ ቀንሶ የቆጠበው ከተሜ። ባለሦስት ቆቡ ግን ዳር ቆሞ ሽማግሌ መሰለ። በሐምሌ 2014 ደግሞ የወጣው ዕጣ ራሱ ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ።

«ታዲያ መሬት ለባላባት ይመለስ ነው የምትሉት?» አይደለም። ጭሰኛውን አልረሳንም። የምንለው ቀላል ነው፦ መሬት የሚወስድ እጅ ካሳ አይገምት፤ ቤት የሚያድል እጅ የዕጣው ተቆጣጣሪ አይሁን።

በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር ከተማ ውስጥ ሲጠቃለሉ ሌላ ከንቲባ መጣ። እኛም ሰውየው ከማን ወገን ነው ብለን ተጨቃጨቅን። ጎበዝ፣ ወገኑን ትተን ቆቡን እንቁጠር!