አሲዱን ማን ሸጠለት?

በአንዲት እኅታችን ፊት ላይ አሲድ በተደፋ ቁጥር በአገር ቤትም በውጭ አገርም ያለነው ተማሪዎች «ይሰቀል!» ብለን እንጮኻለን፤ ሳምንት ሳይሞላም ዝም እንላለን። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን አሲዱን ማን ሸጠለት ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ባንግላዴሽ ይህን ጠይቃለች። በዚያ አገር ከተጠቂዎቹ የሚበዙት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፤ የብዙዎቹም «ጥፋት» አላገባም ማለት ወይም ከሴቷ ቤት የሚጠበቀው ጥሎሽ ማነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ቅጣቱን እስከ ሞት አድርሶ ችሎቱ ነገሩን በ90 ቀን እንዲጨርስ አዘዘ። ሁለተኛው፣ በእኛ አስተያየት ዋናው፣ አሲድ ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ ከለከለ። በዚያ ዓመት ወደ 500 ይጠጋ የነበረው ጥቃት በ2012 ከ100 በታች ወርዷል። ከተከሰሱት መካከል የተፈረደባቸው ግን ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ ቁጥሩን ያወረደው የስቅላት ገመድ ነው ለማለት አይቻልም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 555 የሰውን መልክ ማበላሸትን ከከባድ የአካል ጉዳት ይቆጥረዋል፤ ይኸውም ከተደፋ በኋላ ነው። ጋራዡም አንጥረኛውም አሲድ ያሻቸዋል፤ ይግዙ። ሻጩ ግን የገዢውን ስምና ጉዳይ ይመዝግብ። «ካላገባሽኝ ታያለሽ» የተባለችውንም ልጅ «የፍቅር ጠብ ነው» ብሎ ወደ ቤቷ የሚመልስ ፖሊስ ወይም ሽማግሌ ይጠየቅ።

አሲድ የተደፋበት ሰው ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ መታጠብ አለበት። ይህን በየትምህርት ቤቱ ማስተማር የሕክምናና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ሥራ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።