ሞተሩ ጎማ የለውም፤ የመንገዱን ግን ይከፍላል

ሽንኩርት ቀጠሮ አይሰጥም። በጥር ፀሐይ ተራው ያለፈው መደብ መጠውለግ ለመጀመር ብዙ ቀን እንደማይፈጅበት የሐይቅ ዙሪያና የአምባሰል አርሶ አደር ያውቃል። ውኃው ሩቅ ሆኖ አይደለም። ሐይቁ እዚያው ከማሳው ግርጌ ተኝቷል፤ ከሱሉላ በስተምዕራብ የሚነሣው ሚሌም በአካባቢው ያልፋል። የሚጎድለው ውኃውን ወደ ማሳ የሚያወጣው ቤንዚን ነው።

ስለ ነዳጅ ዋጋ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ እውነት አለው፤ ከደሴ ወልድያ የሚመላለሰው የጭነት መኪናም፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚሠራው ባጃጅም በየጊዜው የሚጨምረውን ዋጋ ይሸከማሉ። ነገር ግን መኪና የሌለው፣ መንጃ ፈቃድ ያላወጣ፣ ሆኖም በየሳምንቱ ቤንዚን የሚገዛ ሌላ ደንበኛ አለ። እርሱም የውኃ መሳቢያ ሞተር ያለው አርሶ አደር ነው። ይህ ደንበኛ ሰልፉ ላይ ቢኖርም ሂሳቡ ውስጥ ተረስቷል።

ሂሳቡን ማየት ይበጃል። በሰኔ 2014 ዓ.ም መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በመስከረም 2017 ዓ.ም መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ደረሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያ በኋላም ጨምሯል። ከአዲስ አበባ ውጭ የማጓጓዣው ልዩነት ይታከልበታል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ሀገሪቱ ነዳጁን የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የምታስገባው በዋናነት በጅቡቲ በኩል ነው። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ ቆይቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የነዳጁ ዋጋ በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል።

አሁን አንድ ጥማድ ሽንኩርት ያለው አርሶ አደር እንውሰድ። በአንድ የምርት ወቅት 20 ጊዜ ያጠጣል እንበል። በእያንዳንዱ ተራ ሞተሩ 5 ሰዓት ቢሠራና በሰዓት አንድ ሊትር ቢጠጣ 100 ሊትር ይፈልጋል። ይህ በ2014ቱ ዋጋ 4 ሺህ 783 ብር ነበር፤ በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ዋጋ 10 ሺህ 147 ብር ሆኗል። ማዳበሪያው፣ ዘሩ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒቱና የቀን ሠራተኛው ገና አልተነሡም።

ይህም ማደያ ገብቶ ለቀዳ ነው። ማደያ ያልቀናው ከመንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን ከሚሸጠው ይገዛል። በሊትር 50 ብር ብቻ ቢጨመርበት እንኳ በ100 ሊትር 5 ሺህ ብር ይሆናል። በሁለት ዓመት ተኩል የመጣው ሕጋዊ ጭማሪ አብዛኛው በአንድ ወቅት እንደገና ተከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ለአርሶ አደሩ ርካሽ ቤንዚን ማለት በመንግሥት በተተመነው ዋጋ፣ በሚያጠጣበት ቀን የሚገኝ ቤንዚን ነው።

ታዲያ ለምን አይገኝም? በጀሪካን መቅዳት የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የተደጎመ ነዳጅ በጀሪካን ወጥቶ ወደ ጥቁር ገበያ ሲሄድ፣ ድንበርም ሲሻገር ኖሯል። ቤንዚን ቤት ውስጥ ማከማቸትም ልጅና ጎጆ የሚያቃጥል አደጋ ነው። ችግሩ ክልከላው ሳይሆን ለመስኖ የተተወው በር መጥበቡ ነው። አርሶ አደሩ ከቀበሌ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥለታል፤ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ይፈቅድለታል፤ ከዚያ ማደያ ሄዶ ይሰለፋል። አንዱ ፈራሚ ስብሰባ ከገባ ቀኑ አለፈ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ክፍያው በዲጂታል መንገድ በመሆኑ ኔትወርክ ከጠፋም ቀኑ አለፈ። ደብዳቤው ተፈርሞ ሲደርስ መደቡ ደርቆ ከሆነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሌላው ጉዳይ የመንገዱ ክፍያ ነው። በ1989 ዓ.ም የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ዋና የገቢ ምንጩ በነዳጅ ላይ በሊትር የሚታሰብ የመንገድ ጥገና ክፍያ እንዲሆን ተደረገ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መንገዱን ብዙ የሚነዳበት ብዙ ነዳጅ ይቀዳል፤ ብዙ የሚቀዳም ለጥገናው ብዙ ያዋጣል። ሐይቅ ዳር ተተክሎ ውኃ የሚስበው ሞተር ግን ጎማ የለውም፤ አስፋልት አልረገጠም። ባለቤቱ ሽንኩርቱን ለገበያ ሲያስጭንም በመኪናው ኪራይ ውስጥ ያንኑ ክፍያ ሁለተኛ ይከፍላል።

በ2014 የተጀመረው የታለመ ድጎማ ደግሞ ያነጣጠረው የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ ነበር። ተሳፋሪን ማሰብ መልካም ነው። ነገር ግን ለስንዴውም ለአትክልቱም በጋውን ውኃ የሚያጠጣው ሞተር ከዚያ ዝርዝር ውጭ ሆኖ፣ የመንገዱን ክፍያ ሲሆን ውስጥ መገኘቱ ሚዛኑን ያዛባል።

ሌሎች አገሮች ይህን አይተውታል። በእንግሊዝ ለእርሻ የሚውለው ናፍጣ ቀይ ቀለም ይገባበትና በአነስተኛ ቀረጥ ይሸጣል፤ መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ታንከር ውስጥ ቀይ ናፍጣ ከተገኘ ባለቤቱ ይቀጣል። ያ አሠራር እንዳለ ይቀዳ ማለት አይደለም። እዚህ ብዙው አነስተኛ ሞተር በቤንዚን ይሠራል፤ ቁጥጥሩም ገንዘብና ሰው ይፈልጋል። መርሁ ግን ይሠራል፤ መንገድ የማይነካ ነዳጅ የመንገድ ክፍያ ባይሸከም፣ ይህ ካልተቻለም በመስኖ ቀበሌዎች የሚሰበሰበው ተመልሶ ምርት የሚወጣበትን የገጠር መንገድ ቢጠግን ተገቢ ነው። ይህን የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ጥያቄውን በቁጥር አስደግፎ ማቅረብ ግን የወረዳና የክልል ሥራ ነው።

ወረዳዎች በእጃቸው ያለውን ለመሥራት ግን አዲስ አዋጅ አያስፈልጋቸውም። ተሁለደሬና አምባሰል በየቀበሌው ያሉትን ሞተሮች ከነባለቤታቸውና ከሚያለማው መሬት ጋር በጥቅምት መዝግበው መጨረስ ይችላሉ። የግብርና ባለሙያው በሰብሉና በማሳው ስፋት የወቅቱን ሊትር ያስላ። ዝርዝሩ ማህተም አርፎበት ማደያው ላይ ይቀመጥ፤ አርሶ አደሩ መታወቂያውን ብቻ አሳይቶ ይቅዳ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ የታወቀ ቀን ይመደብለት፤ ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቀንም መተኪያው አስቀድሞ ይነገረው። ዝርዝሩ በቀበሌው ግድግዳ ቢለጠፍ ሞተር ሳይኖረው ኮታ የሚወስደውን ጎረቤቱ ራሱ ያጋልጠዋል።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። በስሙ የቀዳውን አትርፎ የሚሸጥ ሰው የሚዘጋው የጎረቤቱን በር ነው። መስመር በቀረበበት በኤሌክትሪክ፣ ባልቀረበበት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሳቢያ በማኅበር መግዛትም የሚታሰብበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ወጪ ከባድ ቢሆንም ከሰልፉ ያወጣል። በዚያ ጊዜ ደግሞ ውኃው በነጻ የመጣ መስሎ ሐይቁ ከልክ በላይ እንዳይቀዳ የውኃ ተጠቃሚዎች ተራቸውን ማክበር ይኖርባቸዋል።

የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሐይቅ ከተማ ላይ አይወሰንም። አርሶ አደሩ በተተመነው ዋጋ በቀኑ ይቅዳ ወይስ ሦስት ቀን ተመላልሶ ከመንገድ ዳር ይግዛ የሚለው ግን እዚሁ ይወሰናል። ምዝገባው መጠናቀቅ ያለበትም ችግኙ ከመደብ ከመነሣቱ በፊት ነው።