ፉከራ የሚያውቅ ሰው ሙዚቃዊ ፊልም ሲያይ

ሙዚቃዊ ፊልም የማይወዱ ሰዎች ክስ አጭር ነው፦ «ሰው እያወራ ድንገት አይዘፍንም፤ ጠበኛም መንገድ ላይ እስክስታ አይወርድም»። ይህን የኒውዮርክ ሰው ቢለው ያምርበታል። የዱርቤቴ ሰው ሲለው ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

በአቸፈርም ሆነ በቀረው ጎጃም ሰው በጨዋታ መሀል ብድግ ብሎ ያቅራራል፣ ይሸልላል፣ ይፎክራል። ሲሞት አልቃሽ ታሪኩን በግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። አዝማሪው ከታዳሚ የተሰጠውን ግጥም እዚያው በዜማ ይመልሳል። ተራ ቃል አልበቃ ሲል ዜማ በሚተካበት አገር ያደገ ሰው፣ «ዘፈኑ ከእውነት የራቀ ነው» ቢል ራሱን ይክዳል።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ዜማ ክፉውን ነገር እንደሚያሳምር ከማንም በላይ ያውቃል። ፉከራ ገዳዩን ጀግና ያደርጋል፤ ደም ያልመለሰውን ወንድ አንገት ያስደፋል።

ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና የሠራው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለዚህ ጥርጣሬ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሥራው በ1957 መድረክ ላይ ታየ፤ የ1961ዱ ፊልም 10 ኦስካር ወሰደ። አዲሱ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከሲኒማ ቤቶች ያገኘው ገቢ ወጪውን አልመለሰም። ታሪኩ የሼክስፒር ነው፤ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት ሮሜዎና ዡልየት። ባላንጣዎቹ ቤተሰቦች እዚህ ሁለት የሰፈር ቡድኖች ሆነዋል፦ ነጮቹ ጄትስ እና የፖርቶ ሪኮዎቹ ሻርክስ።

የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ የተጠራጣሪውን ፍርሃት ያጸናል። ልብሱ፣ ቀለሙ፣ ጎዳናውን የሞላው ጭፈራ ዓይን ያስራል። ከድብድቡ በፊት ሁለቱም ቡድኖች ድሉ የእኛ ነው እያሉ ይዘፍናሉ። ይህ የለየለት ፉከራ ነው። ተመልካቹ በምቱ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ሳያውቀው ቢላ ለሚስሉ ልጆች እያጨበጨበ ነው።

ነገር ግን ስፒልበርግ ከዘፈኑ ሥር ሌላ ነገር አስቀምጧል። ፊልሙ የሚከፈተው በፍርስራሽ ነው፤ ሰፈሩ ለሊንከን ሴንተር ግንባታ እየተነሳ ነው። ልጆቹ «የእኛ ነው» ብለው የሚጋደሉበት መንገድ ነገ የማንኛቸውም አይሆንም። አፋቸው ስለ ክብር ይዘፍናል፤ ካሜራው የፈረሰ ግድግዳ ያሳያል። ሰፈር በግሬደር ሲጠረግ ያየ ኢትዮጵያዊ ለዚህ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ትልቁ ነገር መጨረሻው ላይ ነው። ቶኒ ተገድሎ ማሪያ ሽጉጡን ስትይዝ አትዘፍንም፤ በተራ ቃል ትናገራለች። የሙዚቃው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ለዚህ ንግግር ዜማ ሊያወጣለት ሞክሮ አልሆነለትም። ሁለት ሰዓት ያህል ሲዘፍን የቆየ ፊልም ሬሳው ፊት ሲደርስ ዜማውን ያስቀምጣል። ያኔ ፊልሙና ተጠራጣሪው ይስማማሉ።

ጎጃምም ይህን ያውቃል። ሙሾው ራሱ አንዳንዴ የሟችን ወንድም ለበቀል ይቀሰቅሳል። ደም የሚደርቀው ግን ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ የገዳይና የሟች ወገን ተገናኝቶ በተራ ንግግር ነው። እርቅ ላይ የሚፎክር ሰው እርቁን ያፈርሳል።

ወንድም ከወንድሙ በሚጋደልበት በዚህ ጊዜ ነገሩ ከፊልም ያልፋል። ድሮ ፉካሪው በሰው ፊት ይቆም ነበር፤ ሲያበዛው «ተው!» የሚል ሽማግሌ አጠገቡ አይጠፋም። ዛሬ ፉከራው በስልክ እያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ ይገባል፤ የሚያቋርጠውም የለም። የሚያቀነቅነው ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው፤ የሚቀበረው ግን እዚሁ ነው።

ስለዚህ ሙዚቃዊ ፊልም የማይወድ ሰው ጥርጣሬውን አይጣለው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቦታ ይውሰደው። «ለምን ይዘፍናሉ?» የሚለውን ትቶ «ይህ ዜማ ማንን ወደ ምን እየጠራ ነው?» ይበል። ጥያቄው ለስፒልበርግ ፊልም ይሠራል፤ ማታ ማታ በስልካችን ለምንሰማው ቀረርቶ ደግሞ ይብሱን ያስፈልጋል።