ንጉሥ ያልተገኘበት ከተማ፦ ጄኔ ጄኖና የምዕራብ አፍሪካ ታሪክ አጻጻፍ

ስለ ምዕራብ አፍሪካ ጥንታዊ ታሪክ የተጻፉ አብዛኞቹ የመማሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት በነገሥታት ነው። ታሪኩ በጋና፣ በማሊና በሶንጋይ መንግሥታት ቅደም ተከተል ይተረካል፤ ከእነርሱ በፊት የነበረው ዘመን በአንድ ወይም በሁለት አንቀጽ ይታለፋል። ከተሞቹም ሰሐራን አቋርጦ ጨው ይዞ የመጣው፣ ወርቅ ጭኖም የተመለሰው ቅፍለት የወለዳቸው ሆነው ይቀርባሉ። በዚህ አተራረክ ከተማን የፈጠረው ንግድ ነው፤ ንግዱን የጠበቀው ንጉሥ ነው፤ ሁለቱንም ያነሣሣው ከሰሜን የመጣ እጅ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በመካከለኛው የኒጀር ሸለቆ በተገኘው ማስረጃ ፊት ሊቆም አይችልም። እርሱን የተካው አዲስ አስተያየትም ቢሆን ያለ ምርመራ ሊወሰድ አይገባውም።

በዛሬይቱ ማሊ፣ ከጄኔ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኒጀር የውስጥ ዴልታ የጎርፍ ሜዳ ላይ አንድ ሰፊ ጉብታ ይታያል። ስሙ ጄኔ ጄኖ ነው፤ አሮጌው ጄኔ ማለት ነው። ሱዛንና ሮድሪክ ማክኢንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1981 በዚህ ስፍራ ያካሄዱት ቁፋሮ የሰፈራውን መነሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3ኛው መቶ ዘመን አድርሶታል። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ብረት ያቀልጡ፣ አፍሪካዊውን የሩዝ ዝርያ ያመርቱ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ከብት ያረቡ ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሰፈራው 33 ሄክታር ያህል ስፋት ነበረው፤ ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጭቃ ጡብ ቅጥርም ከብቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ግን ነዋሪዎቹ ጨርሰው ለቀውታል።

የእነዚህ ቁጥሮች ክብደት የሚታወቀው ከቀድሞው አስተያየት ጋር ሲነጻጸሩ ነው። ከቁፋሮው በፊት የጄኔ ከተማነት የ13ኛው መቶ ዘመን ክስተት፣ የሰሐራ ንግድም ውጤት ነው የሚለው አመለካከት ተስፋፍቶ ነበር። ነገር ግን የዓረብ ነጋዴዎች ወደ ሳሕል መመላለስ ከመጀመራቸው ከብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ጄኔ ጄኖ ከሩቅ አገር ጋር ይገበያይ ነበር። በደለል የተሞላው ሜዳ ድንጋይም የብረት ማዕድንም የለውም፤ ሁለቱም የግድ ከውጭ መምጣት ነበረባቸው። መዳብም ከሰሐራ በኩል ይመጣ ነበር። ዴልታው በበኩሉ የተረፈው እህልና ዓሣ ነበረው። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግልጽ ነው፦ የሰሐራ ንግድ የደረሰው ቀድሞ በተዘረጋ የአገር ውስጥ የልውውጥ መረብ ላይ ነው እንጂ መረቡን ራሱ አልፈጠረውም።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን ታሪኽ አል ሱዳንን የጻፈው የቲምቡክቱ ተወላጅ አብዱራሕማን አል ሰዕዲ፣ ጄኔ በሂጅራ አቆጣጠር በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንደተመሠረተች፣ ነዋሪዎቿ እስልምናን የተቀበሉት ግን በ6ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ እንደሆነ መዝግቦ ነበር። አል ሰዕዲ በጄኔ ኢማም ሆኖ ያገለገለና የአገሩን ትውፊት የሰማ ሰው ነው። የሰጠው ዘመን ከቁፋሮው ውጤት ጋር በትክክል አይገጥምም። ዋናው ነገሩ፣ ማለትም ከተማይቱ ከእስልምና መቀበል በፊት ረጅም ዕድሜ እንደነበራት መናገሩ፣ ግን እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የአካባቢው ጸሐፊ የመሰከረው ነገር አካፋ እስኪያረጋግጠው ድረስ እንደ አፈ ታሪክ ሊቆጠር ባልተገባው ነበር።

የጄኔ ጄኖ ሁለተኛ እንቆቅልሽ ያልተገኘው ነገር ነው። ቤተ መንግሥት አልተገኘም፤ የነገሥታት መቃብር አልተገኘም፤ የአንድን ገዥ ኃይል የሚያውጅ ሐውልትም አልተገኘም። የተገኘው በዋናው ጉብታ ዙሪያ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ክልል ውስጥ የተሰበሰቡ ደርዘን ከደርዘን የሚቆጠሩ ሌሎች ጉብታዎች ናቸው። ሮድሪክ ማክኢንቶሽ ይህን አሰፋፈር አንጥረኛው፣ ዓሣ አጥማጁና ገበሬው ማንነታቸውን እንደጠበቁ ጎን ለጎን የኖሩበት፣ ሥልጣንም በአንድ ጫፍ ሳይከማች የተከፋፈለበት ከተማ ምልክት አድርጎ ተርጉሞታል። ከተማ ማለት ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መቅደስና ጎተራ ነው ብሎ ለተማረ ሁሉ ይህ ትርጓሜ ትልቅ ፈተና ነው።

ትርጓሜው ማራኪ ነው፤ ስለሆነም ጥንቃቄ ይሻል። ከጉብታው የተቆፈረው እጅግ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ያልተገኘ ነገር ሁሉ ያልነበረ ነገር አይደለም። ሥልጣን በድንጋይ ሳይሆን በቃል፣ በሥርዓተ አምልኮ ወይም በጋብቻ ትስስር ሊገለጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ኃይል በአፈር ውስጥ አሻራው ጥቂት ነው። ቅጥሩንስ ያሠራው ማን ነው? ጉልበቱን ያስተባበረውስ? ንጉሥ የሌለበት ከተማ ነበር ከማለት ይልቅ ንጉሥ ያልተገኘበት ከተማ ነው ማለቱ ለማስረጃው የታመነ አነጋገር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የነገሥታትን ትረካ በእኩልነት ትረካ ከመተካት የሚጠብቀው ይህ ልዩነት ነው።

ጥያቄውን ለመመለስ ያለው ዕድል ደግሞ እየጠበበ ነው። ከመካከለኛው ኒጀር የወጡ የሸክላ ምስሎች በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ዋጋ ካገኙ ወዲህ ብዙ ጉብታዎች በዘራፊዎች ተቆፍረዋል። ከአፈሩ የተነቀለ ምስል ውበቱ ቢቀርም ምስክርነቱ ይጠፋል፤ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ንብርብር፣ ከምን ጋር እንደነበረ የሚናገር የለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1993 ከኒጀር ሸለቆ የወጡ ቅርሶች ወደ አገሩ እንዳይገቡ አግዷል። የጄኔ ጥንታዊ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገቡም፣ በ2016 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል።

አደጋው የቅርስ ብቻ አይደለም። ከ2015 ገደማ ወዲህ ማዕከላዊ ማሊ በታጣቂዎች ግጭት ተዘፍቃለች፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በኦጎሳጉ መንደር ብቻ ከ150 በላይ ፉላኒዎች ተገድለዋል። ይህን መሰሉን እልቂት ዘመናት ባስቆጠረ የጎሳ ጥላቻ ማስረዳት ቀላል ነው፤ የታሪክ ማስረጃው ግን አያግዘውም። ዴልታው ቦዞው የሚያጠምድበት፣ ኖኖው ሩዝ የሚዘራበት፣ ፉላኒው የሚያግጥበት አንድ መሬት ነው፤ እያንዳንዱ የሚጠቀምበት ወቅት ግን ይለያያል። በሴኩ አማዱ የተመሠረተው፣ እ.ኤ.አ. ከ1818 እስከ 1862 የቆየው የማሲና መንግሥት፣ ዲና፣ የግጦሽ መግቢያ ጊዜንና መንገድን በሕግ ደንግጎ ነበር። ዲና በጦርነት የተመሠረተና ባሮች የነበሩበት መንግሥት በመሆኑ የሰላም አብነት አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። የሚያሳየው ግን ግጭቱ ሁልጊዜም በድርድርና በሥርዓት የሚያዝ የመሬትና የውኃ ጥያቄ እንደነበረ ነው። ሥርዓቱ ሲፈርስ የሚፈጠረውን ጥፋት የጥንት ጥላቻ ብሎ መሰየም መፍትሔ ፍለጋውን ራሱን ይዘጋዋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ባዕድ አይደለም። የአክሱም ሥልጣኔ ከደቡብ ዓረቢያ በመጡ ሰፋሪዎች የተተከለ ነው የሚለው አስተያየት ለረጅም ጊዜ ገኖ ኖሮ፣ የአገር ውስጥ መሠረቱን ባሳዩ ጥናቶች ተሸርሽሯል። የነገሥታት ዜና መዋዕል የበዛበት አገር የታሪክ ተማሪ ደግሞ ዜና መዋዕል ያልተጻፈለትን ማኅበረሰብ ታሪክ አልባ አድርጎ ለማየት ይፈተናል። ጄኔ ጄኖ የሚያቀርበው ጥያቄ ይህንን ፈተና በቀጥታ ይነካል፦ ታሪክ የሚጀምረው ንጉሡ ሲነግሥ ነው ወይስ ጎረቤታሞች አብሮ የመኖርን ደንብ ሲያበጁ? የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናት ርእሱን ሲመርጥ፣ ከዙፋኑ አስቀድሞ ገበያውን፣ የውኃ ዳርቻውንና የአንጥረኛውን መንደር ቢመለከት ያልተጠየቀ ብዙ ያገኛል። ለዚህ ግን ጉብታዎቹ ሳይዘረፉ፣ ዙሪያቸው የሚኖረውም ሕዝብ ሳይበተን መቆየት አለባቸው።