ማንኩሽ ላለችው የሽመል ቤቴ

ውድ ቤቴ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ጉልላትሽ በተሰካ ዕለት ነው። ሽመል የቆረጡልኝን፣ ሣር ያጨዱልኝን፣ ጭቃ የረገጡልኝን ሁሉ በየደጃቸው ሄጄ አመስግኛለሁ። አንቺን ግን ውስጥሽ እየተኛሁ፣ ጥላሽ ሥር እየበላሁ ዝም አልኩሽ። ወረዳችን ጉባ ሲባል አገሩ ሁሉ የሚያስበው ሌላውን ግንባታ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ያለውን ግድብ። እኔም እኮራበታለሁ፤ ከደመወዜ ቦንድ ገዝቼለታለሁ፤ የተመረቀ ዕለትም ከጎረቤቶቼ ጋር አልቅሻለሁ። ለእሱ ግን የዘፈነም የጻፈም ሞልቷል። አንቺ በዚያው ወረዳ፣ በዚያው ፀሐይ ሥር፣ በእጅ ብቻ የተሠራሽ ነሽ፤ ያለብኝን ዕዳ እኔ ካልተናገርኩልሽ ማን ይናገርልሻል?

ከእንጅባራ የመጣሁ መምህር መሆኔን ታውቂያለሽ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ አገር ነው። ከዚያ ተነሥቶ በቻግኒ፣ በግልገል በለስና በማምቡክ አድርጎ ማንኩሽ የሚደርስ ሰው በየከተማው አንድ ልብስ እያወለቀ ይመጣል። በእኛ አገር ቤት ለመሥራት ዋናው ነገር ገንዘብ ነው። ባሕር ዛፉ በየማሳው ዳር ቆሟል፣ ቆርቆሮና ሚስማሩ ገበያ ላይ አለ፤ ብር የያዘ ሰው በፈለገው ወር ይጀምራል። አንቺ ግን የምትታዘዢው ለወቅት ብቻ ነበር። ሽመሉ፣ የቆላው ቀርከሃ፣ የሚቆረጠው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። በክረምት ቡቃያው ከመሬት ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ጫካው ውስጥ ገጀራ ይዞ የገባ ሰው ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚደርሰውን ይጎዳል። ዝናቡ እንዳለፈ ደግሞ በግንዱ ውስጥ ያለው ስታርች ዝቅተኛ ነው፤ ነቀዝ የሚፈልገው እሱን ነውና በዚያ ወቅት የተቆረጠ ሽመል ዕድሜው ይረዝማል። ሣሩ ከደረቀ በኋላ፣ ግን የበጋው እሳት ሳይቀድመው መታጨድ አለበት። የጉባ ቆላ በበጋ ይቃጠላል፤ የዘገየ ሰው የዓመቱን ክዳን ተራራው ላይ ሲጨስ ያየዋል። ጭቃው ደግሞ ወንዙ ሳይጎድል መቦካት ነበረበት። እኔ በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣ ሰው ነበርኩ፤ አንቺ ጫካውን፣ ሰማዩንና ወንዙን እያየሁ እንድኖር አደረግሽኝ። ዛሬ ከመስኮትሽ ሆኜ ሣሩ ለአጨዳ መድረሱን ከቀለሙ እለያለሁ። የመጀመሪያው ዕዳዬ ይኸው ነው።

ስለ ሽመሉ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው አካልሽ እሱ ነውና። እንጅባራ ያደገ ሰው ቀርከሃ አይቶ ነው የሚያድገው፤ ወንበሩም፣ አልጋውም፣ አጥሩም እሱ ነው። የደጋው ቀርከሃ ግን ውስጡ ክፍት ነው። የቆላው፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ኮረብታዎች የሞላው ሽመል፣ ውስጡ ድፍን ነው፤ ሲይዙት ክብደቱ ይለያል፣ ሲታጠፍ አይሰበርም። ጎረቤታችን የሆኑት የጉሙዝ ሽማግሌ ጫካ ይዘውኝ ገብተው ግንዱን በገጀራቸው ጀርባ መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ገና ልባሱን ያልጣለው ለጋ ስለሆነ ይቀራል፤ ሦስት ዓመት የሞላው ይቆረጣል፤ እጅግ ያረጀው ደግሞ ለማገዶ ይተዋል። እኔ ሁሉንም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነበር የማየው። እሳቸው የእያንዳንዱን ዕድሜ ያነቡ ነበር። የተቆረጠው ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ከረመ፤ ውኃው ጣፋጩን አጥቦ እንዲወስድለት። ከዚያ ወፍራሙ ቋሚ ሆነ፣ ቀጭኑ ወራጅ ሆነ፣ የተሰነጠቀው በቋሚዎቹ መካከል እየተጠላለፈ ተሸመነ። ግድግዳሽ ገና ጭቃ ሳይነካው ትልቅ መሶብ ይመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር ምርጊቱ ሲጀመር ያ ሽመና በመሸፈኑ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ከመኝታችን በላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ሳይመረግ የቀረው ሆን ብዬ ነው።

እኚህ ሽማግሌ ቀድሞ ይኖሩበት የነበረው መንደር ዛሬ በግድቡ በተፈጠረው ንጋት ሐይቅ ሥር ነው። 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ውኃ ሲሞላ ከመንደራቸው ተነሥተው በአዲስ ቦታ ቤት ከሠሩት የጉባ ሰዎች አንዱ ናቸው። አገር ብርሃን እንዲያገኝ የቤታቸውን ቦታ የለቀቁ ሰዎች ስማቸው በየሰሌዳው አይነበብም፤ እኔ ግን በአንቺ ምክንያት አወቅኋቸው። ቤትን ነቅሎ መትከል የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ቋሚዎችሽ በልጥ እንጂ በሚስማር እንዳይያያዙ አጥብቀው ተከራከሩ። የታሰረ ይፈታል፣ የተቸነከረ ይሰነጠቃል አሉ። ይህ ምክር ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የገባኝ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ዝናብ ሊጀምር ሲል በሚነሣው ነፋስ ነው። ገና ሣር ያልለበሰው ጣራሽ በአንድ ሌሊት ከግድግዳሽ ላይ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ጧት ባለቤቴና እኔ ቆመን ስናየው አንዳችንም ቃል አላወጣንም። ሽማግሌው መጡና ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ከዚያ ልጡን መፍታት ጀመሩ። ከወራጆቹ የተሰበሩት ጥቂት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ተፈትተው፣ ተስተካክለው፣ እንደገና ታስረው ወጡ። በእጅ የተሠራ ነገር ሲወድቅ ሥራው ሁሉ እንደማይጠፋ ያየሁት በአንቺ ነው። ለዚያ ጧት አመሰግንሻለሁ።

ምስጡንም ልጥቀስልሽ። በዚህ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምስጥ ነው። የቋሚዎችሽ እግር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ፣ ጉድጓዱም አመድ ተነስንሶበት ነበር የተተከለው፤ እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ክረምት በምሥራቅ በኩል ያሉት ከውስጥ ተበልተው ቅርፊታቸው ብቻ ቀረ። በየተራ ተለወጡ። በሌላ በኩል ግን ወለልሽና ምርጊትሽ የተሠሩት ከዚያው ምስጥ ከቆለለው ኩይሳ አፈር ነው። አፈሩ ልሙጥ ነው፣ ሲረገጥ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ አይሰነጣጠቅም። አንቺን የሚበላው ፍጥረት ወለልሽንም ሰጠሽ፤ ሁለቱንም አብሬ መቀበልን ተማርኩ።

ጭቃሽ የተቦካበት ውኃ እንዴት እንደመጣ አልረሳም። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻ ላይ በተጋደመ በትር ግራና ቀኝ አመዛዝነው ነው የሚሸከሙት። የደቦው ቀን ጧት ከወንዙ በኩል በሰልፍ ሲመጡ አየኋቸው፤ በበትሮቻቸው ጫፍና ጫፍ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። እኔ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጄ ይዤ መንገድ ላይ ደጋግሜ ሳርፍ እነሱ ሳያቆሙ አለፉኝ። ወንዶቹ ሲረግጡ፣ ሴቶቹ ሲመርጉ፣ ልጆች ጭድ ሲያቀብሉ ዋሉ። ባለቤቴ ወጥ ሠራች፤ ጎረቤቶቻችን የማሽላ ጠላ ይዘው መጡ። በዚያ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ጉሙዝኛ፣ አማርኛ፣ አገውኛና ሺናሽኛ ይሰማ ነበር። ደግሰሽ የጠራሻቸው አንቺ ነሽ። ያለ አንቺ እኔ ከትምህርት ቤት ወደ ኪራይ ክፍሌ፣ ከኪራይ ክፍሌ ወደ ትምህርት ቤት የምመላለስ፣ ሰላምታ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ሆኜ እቀር ነበር።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ዞናችን መተከል ሲታመስ ምርጊትሽ ገና ግማሽ ላይ ነበር። በርሽን ዘግተን ወደ እንጅባራ ወጣን። ቻግኒ ራንች በተባለው መጠለያ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች በላስቲክ ሥር ሲኖሩ አይቻለሁ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ እንደ እኔ ቤት የሠሩ፣ ቋሚ የተከሉ፣ ክዳን የከደኑ ሰዎች ነበሩ። ስንመለስ አንቺ ቆመሽ ነበር። ክረምቱ ያልተመረገውን ግድግዳሽን እንዳያጥበው ጎረቤቶቻችን ሣር አስረው አልብሰውት ነበር፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ እንመለስ አንመለስ እንኳ አያውቁም ነበር። ተመልሰው አመድ ብቻ ያገኙ ወዳጆች ስላሉኝ ይህን ምስጋና ድምፄን ከፍ አድርጌ ለመናገር እቸገራለሁ። ላንቺ ግን መንገር አለብኝ። በዚያ ዘመን ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት በሳሳበት ጊዜ፣ የቀረልኝን እምነት የጠበቅሽልኝ አንቺና ያን ሣር ያሰሩት እጆች ናችሁ።

ክዳንሽን በተመለከተ ደግሞ ባለቤቴ ቆርቆሮ ነበር የምትመርጠው፤ ምክንያትም ነበራት፣ ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ እሳትም ያስፈራል። የፈረድሽው አንቺ ነሽ። በመጋቢትና በሚያዝያ የጉባ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የኪራይ ክፍላችን ቆርቆሮ ከቀትር በኋላ ለሕፃን አይመችም ነበር፤ አዲስ የተወለደችውን ልጃችንን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልን ዛፍ ሥር እንውል ነበር። አንቺ ውስጥ የገባን ዓመት ግን በቀትር ተኛች። ወፍራሙ ሣርሽ ፀሐዩን አስቀረው፣ በግድግዳሽ ራስና በክዳንሽ መካከል የተተወው ክፍተት ነፋሱን አሳለፈው። ያን ቀን ባለቤቴ ደጃፍሽ ላይ ተቀምጣ ቡና አፈላች፤ ስለ ቆርቆሮም ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

አንድ ዕዳ ደግሞ እንደ መምህር አለብኝ። ሒሳብ ነው የማስተምረው። ስለ ክብ ዙሪያና ስፋት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት የጉሙዝ ልጆች ዝም ይሉ ነበር፤ ቋንቋውም አልቀለላቸውም። ደቦው ካለፈ በኋላ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወደ አንቺ መጣሁ። መሠረትሽ ሲመታ መሃል ላይ ካስማ ተተክሎ በገመድ እንደነበር ስነግራቸው፣ ከእነዚያ ዝምተኞች አንዱ ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ አባቱ ቤት ሲሠራ እንዴት እንደሚለካ፣ ለስንት ቋሚ ምን ያህል ዙሪያ እንደሚበቃ ማስረዳት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ቀመሩን ሳያውቁ አሠራሩን ያውቁት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ያን ትምህርት ክፍል ውስጥ ጀምሬ አላውቅም፤ በየዓመቱ የሚጀመረው ደጃፍሽ ላይ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለመግባት እየተዘጋጀ ነው።

ሽማግሌው እንደነገሩኝ ሽመል አንድ ቀን ያብባል፤ ያበበው ጫካም ዘሩን ሰጥቶ በሙሉ ይደርቃል፣ አዲሱ እስኪደርስም ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ በጓሮሽ በኩል፣ ውኃው በሚፈስበት ዳር፣ ችግኝ ተክለናል። የሚቀጥሉት ቋሚዎችሽ ከዚያ እንዲሆኑ አስበናል። በመጪው ኅዳር ክዳንሽ ይታደሳል፤ ሣሩ የሚታጨድበትን ተዳፋት አይተን መርጠናል፣ እሳት እንዳይሻገርበትም ዙሪያውን እንጠርጋለን። በስተምዕራብ ያለው ወራጅ አርጅቷልና ይለወጣል። ልጃችን ዘንድሮ ልጥ መላጥ ተምራለች፤ የመጀመሪያውን ማሰሪያ እሷ ታስርልሻለች። ሽማግሌው አሁን መሰላል አይወጡም፤ ከደጃፍሽ መደብ ላይ ተቀምጠው እያዩ ያዝዙናል።

አክባሪሽ፣
በውስጥሽ የሚኖረው መምህር
ማንኩሽ፣ ጉባ