የእናት ልጅና የእንጀራ ልጅ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገሬ ሰው። የኮሮናን ዘመን እንደ ዋዛ ረስተን፣ ጭምብሉን ከኪሳችን አውጥተን ጥለን «ተመስገን፣ አለፈ» አልን እንጂ የዚያን ጊዜ የተነሳው ጠብ ዛሬም አልበረደም። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ዕድር ድንኳን ሥር የኑሮ ነገር በተነሳ ቁጥር «የመንግሥት ሠራተኛማ ምን አለበት! ቤቱ ተኝቶ ደሞዝ በልቷል» የሚል አይጠፋም። የመንግሥት ሠራተኛውም ዝም አይልም። «እሱ ደሞዝ ተብሎ ነው? እናንተ በደጉ ቀን ሲያልፍላችሁ እኛን መች አስታወሳችሁን?» ይላል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። በጽሑፍ እየተከፈለኝ የማድር፣ ቋሚ ደሞዝም ጡረታም የሌለኝ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። እናም ለማንም ጠበቃ ሳልሆን ያየሁትን ልናገር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሽታው ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከመጋቢት 16 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች፣ ሥራቸው የግድ ከሚላቸው በስተቀር፣ ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። ደሞዛቸው እንደተጠበቀ ነው። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ሌላው ዓለም አገሪቱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋችም። ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ታክሲው በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ እየሄደ፣ እንግዳው ከሆቴል ጠፍቶ፣ ሠርጉ ተሰርዞ … አልተዘጋም ማለት ምን ማለት ነው? በሩ ክፍት ነው፣ ገበያው የለም!

በዚያን ጊዜ የምኖርበት ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ ነበርን። አከራያችን እማማ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሦስት ክፍል አከራይተው በኪራዩ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። በአንደኛው ክፍል በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆኑ እትዬ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። በሁለተኛው ክፍል የሆቴል አስተናጋጅ ከነሚስቱና ከነሕፃን ልጁ። በሦስተኛው እኔ።

የአስተናጋጁን ነገር ላስቀድም። የሆቴሉ ባለቤት ሰው በላ አልነበረም። መጋቢትን ሙሉ ከፈለ። ሚያዝያን «የዓመት ፈቃዳችሁ ይያዝ» ብሎ ከፈለ። ግንቦት ላይ ግማሽ ሰጠ። ሰኔ ላይ «እስቲ ቤታችሁ ቆዩ፣ ስንከፍት እንጠራችኋለን» አለ። የሆቴል ሠራተኛ ደግሞ መነሻ ደሞዙ ትንሽ ናት። ቤተሰብ የሚያኖረው ሰርቪስ ቻርጁና ቲፑ ነው። እንግዳ ሲጠፋ ግማሽ ደሞዝ ማለት የግማሽም ግማሽ ነው።

ኧረ ሕጉስ የት ሄደ? አትሉም? ሕጉማ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ የግል አሠሪ እንደፈለገ ሠራተኛ እንዳይቀንስ፣ የሥራ ውል እንዳያቋርጥ ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሐሳቡን አልነቅፍም። ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ጎረቤቴ አልተባረረም። የስንብት ደብዳቤ አልተሰጠውም። ደብዳቤ ቢሰጠው ኖሮ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያን ሲሶ የስንብት ክፍያ ብሎ ይከራከር ነበር። እሱ ግን በወረቀት ላይ ሠራተኛ ነው። በሆዱ ደግሞ ሥራ ፈት ነው። መባረር ተከልክሎ መራብ ተፈቀደ!

ይኸው ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር አዟል። ይህም ጥሩ ነው። ግን አስተናጋጁ የሦስት ወር ኪራይ ሳይከፍል ሲቀር የተጎዳው ማን ነው? እማማ! የእማማ ጓዳ ውስጥ ያለውን ዱቄት ማን ለካው? ሹማምንቱ «አታባርር» ብለው አሠሪውን አዘዙ፣ «አታስወጣ» ብለው አከራዩን አዘዙ፣ ከዚያ በቴሌቪዥን ቀርበው «ሕዝባችንን ታደግን» አሉ። ሸክሙን አላነሱትም፤ ከአንዱ ጫንቃ አውርደው በሌላው ጫኑት እንጂ። ሸክም ደግሞ ወደ ላይ አይወጣም። ቁልቁል ነው የሚንከባለለው።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ግን አይቻልም። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል። ሥራ ቢቆምባቸውም ለሠራተኛ ደሞዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች ከደሞዝ የሚቆረጠው ግብር ለ4 ወር ቀርቶላቸዋል። አስተውሉ እንግዲህ! የመጀመሪያው የሚደርሰው ከባንክ ጋር ለሚተዋወቅ ነው። ሁለተኛው የሚጠቅመው ደሞዝ መክፈል ለቻለ ድርጅት ነው። መክፈል ያቃተው ድርጅት ሠራተኛ ምን ደረሰው? ምንም። በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ የቆመባቸውን ሠራተኞች ደሞዝ እስከ 80 በመቶ ከካዝናው ሸፍኗል። የእንግሊዝ ካዝና የለንም፣ አውቃለሁ። የምለው ሌላ ነው። እዚያ ገንዘቡ የተላከው ወደ ሠራተኛው ነው። እዚህ የተላከው ወደ ባንኩ ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። አንድ ቀን ጠዋት ቧንቧ ላይ ወረፋ ይዘን አስተናጋጁ ብሶቱ ገነፈለበትና፣ «እርስዎማ ምን አለብዎት እትዬ! የመንግሥት ልጅ ነዎት» አለ። ሁላችንም ክው አልን። እትዬ ባልዲያቸውን አስቀምጠው፣ «የመንግሥት ልጅ ብሆንማ ልጄ፣ እንዳንተው ሰው ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር?» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ማታ ግን ለሚስቱ ዱቄትና ዘይት ይዘው ሲገቡ አየሁ። የእማማንም ኪራይ የሁለት ወር አስቀድመው ከፍለው ነበር። እኔም ብሆን ጋዜጣው ማስታወቂያ ጠፋበት ተብሎ የጽሑፍ ሒሳቤ ሲዘገይ ከሳቸው ተበድሬያለሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ! የአራት ቤተሰብ የሥራ አጥ መድን የአንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደሞዝ ነበር። ያቺን ደሞዝ ቢቆርጡባቸው ማን ይጠቀም ነበር? አስተናጋጁ ይጠግብ ነበር? በፍጹም! አራታችንም አብረን እንራብ ነበር።

ስለዚህ «የመንግሥት ሠራተኛው ለምን ተከፈለው?» የሚለው ጥያቄ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ሁሉስ ቤቱ ተኝቷል እንዴ? ነርሷ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ የአምቡላንስ ሾፌሩ፣ ቆሻሻ የሚያነሱት እናቶች ቤታቸው ሆነው ነው የሠሩት? ትክክለኛው ጥያቄ «የግል ሠራተኛው ለምን አልተከፈለውም?» ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባል። ይህ ገንዘብ ሠራተኛው ሲያረጅ፣ ሲጎዳ ወይም ሲሞት ይደርሳል። በጉልምስናው ያለጥፋቱ ሥራ ሲቆምበት ግን የሚደርስለት ፈንድ አልነበረም። ልብ በሉ፣ ይህም ደብዳቤ ኖሮት ጡረታ ለሚቆረጥለት ነው። ሊስትሮው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋማ አንድም ሕግ ስማቸውን አልጠራም። ሁለቱ ሲነታረኩ ሦስተኛውን ያየው የለም።

«ኮሮና ካለፈ በኋላ ይህን ምን አነሳሳህ?» የሚል ይኖራል። ያነሳሳኝ በሽታው አልፎ አሠራሩ ስላልተለወጠ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ልጆች ተመልከቱ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ሁሉ ያነሰ። ኮሮናውን በመከራ አለፉት። ኅዳር 2014 ላይ በጦርነቱ ምክንያት ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ ፋብሪካውን ዘጋ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ጦርነቱን እነሱ አላወጁ፣ አጎዋን እነሱ አልተደራደሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ሥራ ሲንገዳገድባቸው የጠበቃቸው ፈንድ ነበር? ያው ባዶ እጅ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛውም ቢሆን «እኔ ዋስትና አለኝ» ብሎ አይኩራ። በጦርነቱ ጊዜ የትግራይ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደሞዝ ኖረዋል። በደቡብም በአንዳንድ ዞኖች መምህራን ደሞዛችን ዘገየ ብለው ሲያመለክቱ ሰምተናል። ደሞዙ ሲመጣም ገበያው ቀድሞት ይጠብቀዋል። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል ብዙ ተነግሯል። ያ ሁሉ ሰው እስከዚያ ድረስ በ1,500 ብር ምን በልቶ እንደኖረ ግን ማንም አልተናገረም። የግል ሠራተኛው ደግሞ ያም የለውም። አዋጅ 1156 የደሞዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል እንዲወሰን መንገድ ከከፈተ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. የሠራተኞች ቀን፣ ኢሠማኮ ገና «ወለሉ ይወሰን» እያለ ነበር። አቤት ትዕግሥት!

እንግዲህ የምንለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ሥራ ያለጥፋቱ ለሚቆምበት ሠራተኛ ቢያንስ ለጥቂት ወራት የሚደርስ የሥራ አጥ ፈንድ ይቋቋም፤ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት ሦስቱም ያዋጡ። ሁለተኛ፣ የደሞዝ ወለሉ ከወረቀት ወጥቶ ሥራ ላይ ይዋል። ሦስተኛ፣ መንግሥት ለባለቤቶች የግብርና የብድር እርዳታ ሲሰጥ ገንዘቡ ሠራተኛው ኪስ መድረሱ ይጣራ። አራተኛ፣ የቀን ሠራተኛውና ጉሊት ቸርቻሪዋ በየወረዳው ይመዝገቡ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን የት እንዳለ ከዚያ ወዲያ መፈለግ አይጠቅምም። ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። ዕድራችን ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። በደህናው ቀን አዋጣ፣ በክፉው ቀን ተቀበል።

እኔና የዚያ ግቢ ሰዎች ዛሬ ተበታትነናል። አስተናጋጁ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ የእማማን ውዝፍ ኪራይ ከፍሎ ለመጨረስ ከዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እትዬ ከአሁን አሁን እድገት አገኛለሁ እያሉ ያው መዝገብ ቤት ናቸው። ባለፈው መንገድ ላይ ሳገኛቸው ያንን የቧንቧ ጠዋት አንስተን ሳቅን። ሲለዩኝ ግን «ደግሞ እንዲያ ያለ ቀን ቢመጣ ልጄ፣ አሁን እኔም ለራሴ አልበቃም» አሉኝ። እኔ የምፈራው ይህን ነው። የመንግሥት ሠራተኛውና የግል ሠራተኛው አንዱ የእናት ልጅ፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ ነኝ እየተባባሉ ሲጣሉ ከረሙ። ጎበዝ፣ እውነቱን እንነጋገር! በዚህ ቤት ሁለቱም የእንጀራ ልጆች ናቸው።